ሁሉም ኒም ይለዋል፤ ግን የትኛው ዛፍ ነው?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ አዳማ ይኖራሉ፤ የስኳር ሕመም ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሐኪም ያዘዘላቸውን ክኒንም ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታቸው ለሕክምና ሕንድ አገር ደርሰው ሲመለሱ፣ በዚያ አገር የአዩርቬዳ፣ ማለትም የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ባለሙያዎች የኒምን ዛፍ ለስኳር፣ ለቆዳና ለደም ማጥሪያ እንደሚያዙት አወሩላቸው። አክስቴ ደግሞ በግቢያቸው ሰፈሩ ሁሉ ኒም ብሎ የሚጠራው ትልቅ ዛፍ አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምረው አንድ እፍኝ ቅጠል በድስት ያፈላሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ያጠሉታል፣ ማለዳ ማለዳም በባዶ ሆዳቸው አንድ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ልጠይቃቸው በሄድሁበት ዕለት በዓይኔ አየሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ አተላው ጨለጡት፣ አፋቸውን በውኃ ተጉመጠመጡ፣ ወዲያውም ክኒናቸውን ዋጡ። እኔ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አዩርቬዳ ስለዚህ ዛፍ በእርግጥ የሚለው ምንድን ነው? ከሐኪም መድኃኒት ጋርስ አብሮ ይወሰዳል ወይ? የመጡትን ምላሾች ለሌላውም ይጠቅማሉ ብዬ ስላመንሁ፣ በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ።

ምላሽ 1

በሕንድ አገር ፑኔ ከተማ አምስት ዓመት ተቀምጠው የተማሩ ሰው ናቸው የቀደሙት። ለአክስቴ ጤና ተመኝተው ሲያበቁ፣ አዩርቬዳ በሳንስክሪት ቋንቋ የሕይወት ዕውቀት ማለት እንደሆነ፣ ኒምም በዚያው ቋንቋ ኒምባ ተብሎ ቻራካና ሱሽሩታ በሚባሉት ጥንታዊ የሕክምና መድበሎች ውስጥ ተደጋግሞ እንደሚነሣ አስረዱ። በዚያ ትምህርት መድኃኒት የሚመዘነው በጣዕሙና በጠባዩ ነው። ኒም መራራ፣ ቀዝቃዛና ቀላል ተብሎ ስለሚመደብ፣ ፒታ የሚሉትን የሙቀትና የሐሞት ጠባይ፣ ካፋ የሚሉትንም የእርጥበትና የአክታ ጠባይ ያበርዳል፤ ቫታ የሚሉትን የነፋስ ጠባይ ግን ያባብሳል። ስለዚህ ለሚያሳክክ ቆዳ፣ ለሚያዥ ቁስል፣ ለትኩሳትና ለሆድ ትል ሲታዘዝ፣ ለከሳና ለደከመ ሰው አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡርና ልጅ የሚፈልጉ ባልና ሚስትም እንዲርቁት ይመከራሉ። ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ፣ አበባው፣ ፍሬውና ሥሩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ አምስቱ ተቀላቅለው የሚዘጋጁበት ፓንቻኒምባ የሚባል ዱቄትም አለ። እኔን አብዝቶ ያሳሰበኝ የመጨረሻው ቃላቸው ነበር፤ ደንቡን የሚያከብር የአዩርቬዳ ሐኪም ሰውየውን ሳያይ፣ ምላሱንና የደም ሥሩን ትርታ ሳይመረምር፣ ኒምን እንደ ሻይ በየቀኑ ጠጡ ብሎ እንደማያዝ ጻፉ።

ምላሽ 2

ይህችኛዋ ጸሐፊ ቁጥር 1ን አመስግና የራሷን ትዝታ ጨመረች። ሕንድ አገር በተከራየችበት ቤት የነበሩት ሽማግሌ አባት ማለዳ ከበር ላይ ካለው ኒም ቀንበጥ ይቆርጡ፣ ጫፉን እያኘኩ እንደ ብሩሽ ያፍታቱት፣ ከዚያም ጥርሳቸውን ይፍቁበት ነበር። ቀንበጡ የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት፣ የዐሥራ ሁለት ጣት ያህል ርዝመት እንዲኖረው በጥንቱ መጽሐፍ ታዝዟል ብለው ነግረዋታል። እሷም የአያቷን የወይራ መፋቂያ አስታውሳ፣ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይማከሩ እዚያው መድረሳቸው እንዳስደነቃት ጻፈች። ቀጥላም ለአገሩ አዲስ ዓመት የኒም ቅጠል ካልተጣራ የአገዳ ስኳር ጋር ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ እንደሚታደል፣ ምሬቱና ጣፋጩ አብረው እንደሚቀመሱ ነገረችን። ይህም በዓመት አንድ ቀን፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ ያህል ብቻ ነው።

ምላሽ 3 እና 4

ናይሮቢ የሚኖሩት የቁጥር 3 ጸሐፊ፣ ኒም በስዋሂሊ ምዋሮባይኒ እንደሚባል፣ ስሙም አርባ ከሚለው ቃል የወጣ እንደሆነ፣ አርባ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ ስለሚታመን አክስቴ መጠጣታቸውን እንዳያቆሙ በሙሉ ልብ መከሩ።

ቁጥር 4 ፋርማሲስት ናቸው፤ ንግግራቸውም ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ የተሳለ ነበር። አርባዎቹን በሽታዎች አንድ በአንድ ቆጥረው እንዲያሳዩ ቁጥር 3ን ጠየቁ። ከዚያም ማስረጃ ተብሎ ዘወትር የሚጠቀሰውን አንድ ምሳሌ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1992 ከሕንድ በወጣ ጥናት ኒምና እርድ አብረው ተፈጭተው 814 የእከክ ሕሙማን ተቀብተው፣ 97 በመቶዎቹ ከ3 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድነዋል ተብሏል። ቁጥሩ ያምራል፤ ነገር ግን ሌላ መድኃኒት ወይም ባዶ ቅባት የተቀባ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ፣ የዳነው በኒሙ ይሁን በእርዱ ወይም በመታጠቡ መለየት አይቻልም። ደግሞም የተቀባ ነገር ከተጠጣ ነገር ጋር አንድ አይደለም። ስለ ስኳር ሲጽፉ፣ የኒም ቅጠል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ የማድረግ ምልክት በእንስሳትና በጥቂት ሰዎች ላይ መታየቱን አልካዱም፤ የፈሩትም ይህንኑ ነው። እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው በላዩ ላይ ሌላ ስኳር የሚያወርድ ነገር በባዶ ሆዱ ሲጨምር፣ ላብ ላብ ሊለው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱንም ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ምክራቸው ትክክል እንደሆነ በጊዜው ገብቶኛል፤ ቁጥር 3ን ያልተማረ ሰው ማለታቸው ግን አላስፈላጊ ነበር።

ምላሽ 5

ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉት የቁጥር 5 ጸሐፊ በቁጥር 4 አነጋገር ተቀይመው መጡ። ኒም ለድሬዳዋ ልጅ ከመድኃኒትም በላይ እንደሆነ፣ በቀትር ፀሐይ ከተማዋን የሚያስጠልላት እርሱ እንደሆነ ጻፉ። በልጅነታቸው ጉድፍ ወጥቶባቸው ሰውነታቸው ሲበላቸው፣ አያታቸው ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈው ያጥቧቸው፣ ለጋውን ቅጠልም ከትራሳቸው ሥር ያነጥፉላቸው ነበር፤ እህል የሚቀመጥበት ጆንያ ውስጥም ነቀዝ እንዳይገባ የደረቀ ቅጠል ይጨመር ነበር። ቁጥር 1 ተመልሰው እንዳብራሩት፣ በሕንድም ፈንጣጣና ጉድፍ የያዘውን ሰው በኒም ቅጠል ማራገብና ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ሺታላ የምትባለው የፈንጣጣ አምላክ ስም ሳይቀር ከኒም ጋር አብሮ ይነሣል። እኔም አያትየው ያደረጉት ሁሉ ከውጭ የሚደረግ እንደነበር ልብ አልሁ፤ ልጁን አጠቡት እንጂ አላጠጡትም።

ምላሽ 6 አጭር ምስጋና ነው።

ምላሽ 7

የደን ባለሙያ ናቸው። ሌላው ሁሉ ስለ ኒም ጥቅምና ጉዳት ሲከራከር፣ እርሳቸው ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ፤ በአክስቴ ግቢ ያለው ዛፍ ኒም ለመሆኑ ማን አረጋገጠ? እውነተኛው ኒም የቆላ ዛፍ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ውርጭ አይችልም፤ እንደ ድሬዳዋ፣ አፋርና ጋምቤላ ባሉ አካባቢዎች ይመቸዋል። በወይና ደጋ ከተሞቻችን፣ አዲስ አበባ ጭምር፣ በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር ኒም ተብሎ የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ ሜሊያ አዜዳራክ የሚባለው ዘመዱ ነው። አዳማ ከሁለቱ ወሰን ላይ ስላለች በስም ብቻ መፍረድ አይቻልም አሉ። የቅጠሉን፣ የአበባውንና የፍሬውን ፎቶግራፍ እንድልክ፣ ፍሬው ከተገኘም ሰብሬ ውስጡን እንዳይ አዘዙኝ።

ምላሽ 8 እና 9

ስምንተኛው የእኔ ነው። በሳምንቱ አዳማ ወርጄ አንድ ሙሉ ቅጠል ከነዘንጉ ቆርጬ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ አነሣሁት። ዛፉ ቅጠሉን ግማሹን አራግፏል፤ ከባዶዎቹ ቅርንጫፎች ላይ ግን ቢጫ ክብ ክብ ፍሬ በዘለላ ተንጠልጥሎ ነበር። አንዱን በድንጋይ ፈነከትሁት። ከውስጡ የወጣው ጠንካራ አጥንት ዙሪያውን እንደ ዱባ ሸንተረር ሸንተረር ያለው፣ መካከሉም ከላይ እስከ ታች ለክር የተሠራ የሚመስል ቀዳዳ ያለው ነበር። ያን ጊዜ ልጅነቴ ድቅን አለብኝ። እኛ በዚያው ግቢ ያንን አጥንት በክር እየሰካን የአንገት ጌጥ እንሠራ ነበር፤ አንዳንዶቻችን በአፋችን እናላምጠው እንደነበርም አስታውሳለሁ።

ቁጥር 9 የደን ባለሙያው ምላሽ ነው፤ ከክሩ ሁሉ በጣም የጠቀመኝም ይኸው ነው። በኒም ቅጠል ላይ ትንንሾቹ ቅጠሎች ከአንዱ ዋና ዘንግ ግራና ቀኝ በቀጥታ ይበቅላሉ፤ ቅርጻቸው እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለ፣ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ የተሳለ ነው። በሜሊያ ላይ ግን ዋናው ዘንግ መጀመሪያ ወደ ትንንሽ ዘንጎች ይከፈልና ቅጠሎቹ በእነዚያ ላይ ይወጣሉ፤ እኔ የላክሁት ፎቶግራፍ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። የኒም አበባ ነጭ ነው፣ የሜሊያ ሐምራዊ። የኒም ፍሬ እንደ ወይራ ሞላላ ሆኖ አጥንቱ ልሙጥ ነው፤ የሜሊያው ክብ ሆኖ አጥንቱ ሸንተረር ያለውና በተፈጥሮው የሚሰካ በመሆኑ በብዙ አገር ለመቁጠሪያ ያገለግላል። ኒም በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ሜሊያ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ፍሬው ግን በባዶው ቅርንጫፍ ላይ ይቆያል። ስለዚህ አክስቴ ለወራት የጠጡት ኒምን አልነበረም። ባለሙያው ነገሩን ሳያለሳልሱ፣ የሜሊያ ፍሬ ሰውንና አሳማን እንደሚመርዝ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና መንቀጥቀጥ እንደሚያመጣ፣ መርዙ በፍሬው ቢበዛም ቅጠሉና ቅርፊቱም ንጹሕ እንዳልሆኑ ጻፉ። በዚያኑ ሰዓት ለአክስቴ ስልክ ደወልሁ።

ምላሽ 10 እስከ 13

የስም ክርክር ተነሣ። አንዱ ጸሐፊ ሰው ሁሉ ኒም ካለው ኒም ነው፣ ስም የሕዝብ ነው ብለው ተከራከሩ። ሌላዋ ደግሞ በእሷ አካባቢ እውነተኛውን ኒም ከምሬቱ የተነሣ ኪኒን የሚሉት ሰዎች እንዳሉ ነገረችን። ቁጥር 12 ይባስ ብለው፣ ከሕንድ መደብር ጣፋጭ ኒም ተብሎ የሚሸጥ ቅጠል ገዝተው ለወጥ ሲጠቀሙበት እንደኖሩ ጻፉ፤ የደን ባለሙያው እንዳረሙት ያ የካሪ ቅጠል የሚባለው ሦስተኛ ተክል እንጂ የኒም ወገን አይደለም።

ክርክሩን ያበረዱት የፑኔው ጸሐፊ ናቸው። በአዩርቬዳ ራሱ ሁለቱ ዛፎች በስም የተለዩ ናቸው፤ ኒም ኒምባ ሲባል ሜሊያ ማሃኒምባ ይባላል፣ ትርጉሙም ታላቁ ኒም ነው፤ በሂንዲ ደግሞ ባካያን ይሉታል። ማሃኒምባም በባለሙያ እጅ መድኃኒት ሆኖ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ግን መጠኑ የተለየ ነው፣ ጥንቃቄውም የበረታ ነው። እንግዲህ ወደ እኛ የመጣው የዛፉ ዝና ብቻ ነው፤ ዛፉን ከዛፍ የሚለየው ትምህርት፣ መጠኑና ክልከላው እዚያው ቀርተዋል። ይህን ሳነብ ልቤ አዘነ፤ አክስቴን ሊጎዳቸው የነበረው አዩርቬዳ አይደለም፣ የአዩርቬዳ ግማሹ ነው።

ምላሽ 14 እና 15

ቁጥር 14 በቁጣ የተጻፈ ነው። ሕዝቡን ከአያቶቹ መድኃኒት ለማራቅ ዶክተሮች የፈጠሩት ማስፈራሪያ ነው፤ ሺህ ዓመት የኖረ ነገር መርዝ ቢሆን ኖሮ ሕንዶች ያልቁ ነበር የሚል ነበር። ቁጥር 15 ጅዳ የምትሠራ ነርስ ናት፤ መልሷም ከቁጣው ያልተናነሰ ነበር። የቅጠሉና የዘይቱ ኃይል ለየቅል እንደሆነ፣ ከፍሬው የሚጨመቀው የኒም ዘይት በራሱ፣ ያውም እውነተኛው ኒም፣ ለሕፃን ሲሰጥ ሊገድል እንደሚችል ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1981 የማሌዥያ ሐኪሞች እንዳስታወቁት፣ ለጉንፋንና ለሆድ ቁርጠት ተብሎ ዘይቱ የተሰጣቸው ሕፃናት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሳቸው፣ ያደነዝዛቸው፣ ትንፋሻቸው ይፈጥን፣ ያንቀጠቅጣቸው ነበር፤ ጉበታቸውና አንጎላቸውም ተጎድቷል። ዘይቱን ለጭርት ወይም ለቅማል ከውጭ መቀባት አንድ ነገር ነው፤ በማንኪያ ለሕፃን ማጠጣት ሌላ ነው። ለሺህ ዓመት ዕድሜ የሰጠችው መልስ ደግሞ ኮሶ ነበር፤ የእኛም አያቶች ኮሶን የሚያውቁት መድኃኒትም ገዳይም አድርገው ነው፣ ስለዚህ መጠኑን የሚያውቅ ሰው እየፈለጉ ጠጡት እንጂ እንደ ቡና በየቀኑ አላፈሉትም አለች። ቁጥር 14 ከዚህ በኋላ አልተመለሱም።

ምላሽ 16 እስከ 20

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ጥቂት ከመንገዱ ወጣ። ሪያድ የሚኖሩ ጸሐፊ ለሐጅ ተጓዦች ጥላ እንዲሆኑ በአረፋት ሜዳ ስለተተከሉት በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኒሞች አነሡ። የደን ባለሙያው ደግሞ ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሃይንሪሽ ሽሙተረር እ.ኤ.አ. በ1959 ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ያዩትን ነገሩን፤ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን አራቁቶ ሲሄድ ኒሞቹን ብቻ ሳይነካ ተዋቸው። የምክንያቱ ዋና አካል አዛዲራክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ነፍሳትን ከመብላት ያግዳል፣ እድገታቸውንም ያውካል፤ ዛሬ በብዙ አገር የጸረ ተባይ መድኃኒት የሚሠራው ከእርሱ ነው።

ከዚያ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ጉዳይ መጣ፤ ይህን ባላልፈው ደስ ይለኛል። የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1994 የኒምን ዘይት ለዕፅዋት ሻጋታ መከላከያ የማዋል ዘዴን ለአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴርና ደብሊው አር ግሬስ ለተባለው ኩባንያ በፓተንት ሰጠ። ሕንዳዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ቫንዳና ሺቫ፣ ማግዳ አልቩት የተባሉት የአውሮፓ ፓርላማ አባልና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ግብርና ንቅናቄዎች ኅብረት አብረው ተቃወሙ፤ የሕንድ ገበሬ ከጥንት የሚያውቀው ነገር አዲስ ግኝት ሊባል አይችልም ብለው ተከራከሩ። ፓተንቱ በ2000 ተሰረዘ፤ ይግባኙም በ2005 ውድቅ ተደረገ። ቁጥር 19 ይህን ሲያነቡ እንዶድን አነሡ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆነውን ምርምር ጀመሩ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶድን ሌላ አጠቃቀም በፓተንት የያዘው ግን የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሕንዶች ኒምን በክርክር ሲያስመልሱ ዕውቀታቸው ተጽፎ ቆይቷቸው ነበር፤ የእኛ ባለ መድኃኒቶች ግን ዕውቀታቸውን ለልጃቸው እንኳ ሳይነግሩ ይዘውት ይሞታሉ ብለው ቁጥር 19 አዘኑ። ቁጥር 20 በባለ መድኃኒቶቹ ላይ የተሰነዘረውን ወቀሳ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የተቀማ ሰው ቢደብቅ ምን ይገርማል የሚል ነበር ክርክራቸው። እኔ በዚህ ለሁለቱም አዝናለሁ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ።

ምላሽ 21

የአሜሪካዋ ቦስተን ነዋሪ ናቸው። ቅጠሉ ካስፈራ የታሸገ የአዩርቬዳ ክኒን ልላክላቸው የሚል ሌላ ጸሐፊ እንዳይነሣ ቀድመው አስጠነቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ በቦስተን አካባቢ ካሉ መደብሮች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ የተባሉት መርዛማ ማዕድናት ተገኝተዋል። የፑኔው ጸሐፊ ይህን አልካዱም፤ ብረታ ብረትን አቃጥሎ ለመድኃኒት ማዋል በአዩርቬዳ ውስጥ ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ እንደሆነ አስረድተው፣ የቅጠል መድኃኒትን ከዚያ መለየት ያስፈልጋል አሉ።

ምላሽ 22 እስከ 24

ፋርማሲስቱ ተመልሰው ቁጥር 3ን ስለ ክፉ ቃላቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ናይሮቢ ያሉት ሰውም በትሕትና ተቀበሏቸው፣ ሜሊያንና ኒምን መለየት ይገባ እንደነበርም አመኑ። ፋርማሲስቱ ቀጥለው አክስቴ የስኳርና የጉበት ምርመራ እንዲያደርጉ፣ ለሐኪማቸውም የጠጡትን ሁሉ ሳያፍሩ እንዲናገሩ፣ ቅጠሉንም በእጄ ይዤላቸው እንድሄድ መከሩ።

ምላሽ 25

የመጨረሻው የእኔ ነው። አክስቴ በመጀመሪያው ስልክ ተቆጥተውኝ ነበር፤ ልጅ ሆኜ አረቄን ከጠላ የማልለይ እኔ ዛፋቸውን እንዴት ላስተምራቸው እችላለሁ? ስለዚህ ሄድሁና ሁለት ቅጠል ፊታቸው አስቀመጥሁ፤ አንዱ ከግቢያቸው የቆረጥሁት፣ ሌላው የቁጥር 5 ጸሐፊ በሰው እጅ ከድሬዳዋ የላኩልኝ የደረቀ የኒም ቅጠል። መነጽራቸውን አድርገው ዘንጉን በጣታቸው ተከትለው እየሄዱ ቆጠሩ፤ የድሬዳዋው እስከ ጫፉ አንድ መንገድ ነበር፣ የእርሳቸው ግን በየመንገዱ እየተገነጠለ ጣታቸውን አስቆመው። ምንም አልተናገሩም። ብርጭቆውን አጥበው ደፉት፤ በማግስቱም ወደ ሐኪም አብረን ሄድን። ጉበታቸው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ዛፉን ግን አላስቆረጡትም፤ የሰፈሩ ልጆች ከሥሩ ስለሚጫወቱ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ የወደቀውን ፍሬ በየጠዋቱ ራሳቸው ጠርገው ያቃጥሉታል።